የመጽሐፉ ውፍረት

ጥቅምት 5 ቀን

ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት፣ ለጥያቄ መስኮቱ ሠራተኛ፤

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ነው። አናጢ ነኝ። መጋዝ አሁንም እይዛለሁ፣ መላጊያ እገፋለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። ደረጃ ያለ ደጋፊ እወጣለሁ፤ ስወርድ ግን ግድግዳውን ያዝ አደርጋለሁ። ይህንንም የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ አይፍረዱብኝ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ጺም ካወጣሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ እሱንም ባለቤቴ እየተቆጣችኝ። እሷ ካረፈች ወዲህ የሚያርምልኝ የለም። ተከራዬ ነርሷ «አባባ፣ እኔ ልጻፍልዎት» ብላኝ ነበር። የራሴን ጉዳይ በሰው እጅ አላስጽፍም አልኳት።

ጉዳዬ የልጄ ጉዳይ ነው። አንድ ልጅ ነበረኝ። እናንተ ዘንድ ምህንድስና ተማረ። ጨረስኩ አለኝ፣ እዚያው ከተማ ሥራ ያዝኩ አለኝ፣ ባለፈው ዓመት መኪና ገጭቶ ገደለብኝ። ለቅሶው ላይ የባለቤቴ ወንድም ሰው በተሰበሰበበት «ምስኪን፣ ትምህርቱን እንኳ ሳይጨርስ» አለ። ማን ነገረህ ብዬ ብጠይቀው «እሱ ራሱ» አለኝ። ውሸታም ብዬ ከቤቴ አስወጣሁት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንተያይ አንዳችን ወደ ማዶ እንሻገራለን።

ታዲያ በቀደም ነርሷ ስልኳን ይዛ መጣች። ቤተ መጻሕፍታችሁ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን አስገብቶ የለ? የጠየቁትን ሁሉ የሚመልሰውን። እኔ «መላሹ» ብየዋለሁ። በእሱ ጠየቀችልኝ። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ መለሰ። የልጄ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ፤ ርእሱ «የእንጨት ድልድዮች ሸክም አቻቻል» ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጧል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይም «መለካት ላስተማረኝ ለአናጢው አባቴ» ይላል። ነርሷን ደጋግማ እንድታነብልኝ አደረግኳት። ቢሰለቻትም አነበበች።

ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ጽሑፉ ተባዝቶ ይላክልኝ። ደግሞ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ውፍረቱን ለክተው ይጻፉልኝ፤ ሳይመጣ ሣጥን ልሠራለት ነው። ውፍረቱን በተለይ አይርሱ። በሰፊ ሣጥን ውስጥ የሚንሸራተት ነገር ጥጉ ይበላል።

አክባሪዎ፣
አናጢው


ኅዳር 3 ቀን

ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? «እርስዎ አይበሉኝ፣ በልጅዎ ዕድሜ ነኝ» ስላልሽ አንቺ ብዬሻለሁ። ሳትሰለቺ በትልልቅ ፊደል ስለጻፍሽልኝም አመሰግናለሁ። ያለ መነጽር አነበብኩት። መነጽር የለኝም፤ አያስፈልገኝም።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። ስሙን ከነአያቱ ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌዋለሁ። የገባበትን ዓመት የማውቀው ያን ዓመት የትምህርት ቤቱን ጣራ ስለሠራሁ ነው፤ እሱንም ጽፌዋለሁ። ሲመረቅ ነበሩ ወይ ላልሽው፣ አልነበርኩም። ያን ጊዜ ባለቤቴ አልጋ ላይ ነበረች። «አባዬ አትምጣ፣ እሷን ጥለህ የት ትመጣለህ» አለኝ። ልክ ነበር። ፎቶ የለዎትም ወይ ላልሽው፣ ፎቶ አንሺው ሥራውን አበላሸብን ብሎኛል። ፎቶ አንሺ መቼም እንደዚሁ ነው። የኛንም የሠርግ ፎቶ ግማሹን ያለ እግር ነው ያነሱት።

ሦስተኛ ፎቅ መደርደሪያው ላይ የለም፣ እየፈለግን ነው ብለሻል። እስቲ ስሚኝ። መደርደሪያዎቻችሁ ጀርባቸው ክፍት ከሆነ መጽሐፉ ከኋላ ወድቋል። መደርደሪያ ስትሠሪ ጀርባውን ካልዘጋሽው ቀጭን ነገር ወደ ኋላ ይሸሻል። አንድ ጠንካራ ሰው ፈልጊና ከግድግዳው ሳብ አድርጎ ይይልሽ። መጀመሪያ መጽሐፎቹን ያውርድ፤ አለበለዚያ ላዩ ላይ ይመጣበታል፣ ከዚያ እኔ ነኝ ተጠያቂው።

አሁን የአካባቢው ሰው ሁሉ ሰምቷል። እንጨት ሻጩ ጋ ሄጄ «ልጄ ስለ እንጨት መጽሐፍ ጽፏል፣ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል» ብለው «ታዲያ ከእንግዲህ እንጨት አንተ ትሸጥልኛለህ ወይስ እኔ ልሽጥልህ?» ብሎ ሳቀና ጥሩውን ኮላ ያለ ዋጋ ሰጠኝ። ሻይ ቤት ሁልጊዜ የሚያፌዝብኝ ባለጌ ሳይቀር ተነስቶ ወንበር ለቀቀልኝ። ትላንት የባለቤቴ ወንድም በሻይ ቤቱ በር ማዶ ሲያልፍ አየሁት። እሱ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ለሻይ ቤቱ ባለቤት ርእሱን ነገርኩት። ማዶ ቆሞ ሰማኝ።

እኔ ልጄን ለመጋዝ አላሳደግኩትም። እሱ ገና ሲድህ «በዚህ ቤት መጋዝ የሚይዝ የመጨረሻው ሰው እኔ ነኝ» ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ክረምት ሲመጣ ላግዝህ ሲለኝ እንኳ ከሥራ ቤቱ አስወጣው ነበር። እጁ ብዕር ይያዝ ብዬ።

ሣጥኑን ጀምሬዋለሁ። ከባለቤቴ ቁም ሣጥን በር ነው የቆረጥኩት። ውስጡ ባዶ ሆኖ ከርሟል፤ በር ምን ያደርግለታል? የጎደለኝ ውፍረቱ ነው። ከተገኘ መጀመሪያ ውፍረቱን ላኪልኝ።

አናጢው


ታኅሣሥ 11 ቀን

ለጥያቄ መስኮቱ ሠራተኛ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

መላሹ አንዳንድ ጊዜ ያልተጻፈን መጽሐፍ እንደ ተጻፈ አድርጎ ይናገራል ብለው ጽፈዋል። ተማሪዎች በየቀኑ እሱ የነገራቸውን ርእስ ይዘው ወደ መስኮትዎ እንደሚመጡ፣ እርስዎም ሲያፈላልጉ ውለው «የለም» እንደሚሉ፣ «አዝናለሁ» እንደሚሉም ጽፈዋል። እኔ ላይ ሲደርስ «አዝናለሁ»ን ሁለት ጊዜ ነው የጻፉት።

ሰው የሚዋሸው የሚያገኘው ነገር ሲኖር ነው። እንጨት ሻጭ እርጥቡን ደረቅ ነው የሚለው ሊሸጥልኝ ነው። ይሄ ማሽን ከኔ ምን አገኘ? አያውቀኝ፣ አላውቀው። አናጢ መሆኔን ማን ነገረው? «ለአናጢው አባቴ» የሚለውን ከየት አመጣው? ሊያስደስተኝ ነው እንዳይሉኝ። እኔን ለማስደሰት ይህን ያህል የደከመ ሰው የለም።

እኔ የሚመስለኝን ልንገርዎት። ጽሑፉን ጥላችሁታል። ወይ ዝናብ ገብቶበት በስብሷል፣ ወይ ቦታ ጠበበን ብላችሁ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ሸጣችሁታል፣ ወይ አንዱ ሰርቆታል። መላሹ ምን እንዳላችሁ ያውቃል። እናንተ ሰዎቹ ናችሁ የምትደብቁት። ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቁልፍ የያዘው ነው፤ ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው።

ነርሷም የእርስዎን ደብዳቤ አንብባ ቶሎ አጥፋ መለሰችልኝ። ምን ሆነሽ ነው ብላት «ምንም፣ አባባ» አለችኝ። እሷንም ማናገር ትቻለሁ።

አለቃዎ ማን እንደሆነ ይጻፉልኝ።

አናጢው


ጥር 20 ቀን

ልጄ፤

የአለቃሽን ስም ልከሽልኛል፤ ሳልጠቀምበት ቀርቻለሁ። ደግሞ ምን ብላችሁ ጻፋችሁለት ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ ለመላሹ ማለትሽ ነው። ያንን ጥያቄ ስላነበብኩ ነርሷን ማናገር ግድ ሆነብኝ። ማታ ከሥራ ስትመለስ በሯን አንኳኳሁ። እስከዚያ ቀን የሰው በር አንኳኩቼ አላውቅም።

«አባባ» አለች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «እኔ እኮ ነኝ የጻፍኩት። የአናጢ ልጅ ነው፣ ምህንድስና ነው የተማረው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ፈልግልኝ ብዬ። ስሙንም፣ የእርስዎንም ሥራ። ደብዳቤው ሲመጣ ገባኝ። ፈርቼ ነው።»

ምን ፈራሽ አልኳት። «እርስዎን» አለች።

እንግዲህ አናጢነቴን የነገርነው እኛ ነን። እንጨትም ድልድይም የመጣው ከኛ ነው። የነገርነውን አሳምሮ መለሰልን። ወንድ ልጅ ለአባቱ የሚጽፈውን ከሌላ ሺህ ሰው ጽሑፍ ቀምሶ አወቀና እኔ የፈለግኩትን ሰጠኝ።

እንዲህም ሆኖ አላመንኩም ነበር፤ ልደብቅሽ አልችልም። ጠይቂው አልኳት፣ ውፍረቱን ጠይቂው። የሁለት ጣት ያህል የሚሆን ቁጥር በሚሊሜትር መለሰ። ደስ አለኝ። ሄጄ የሣጥኑን ጎን በዚያ ልክ ቆረጥኩ። ስመለስ ድጋሚ ጠይቂው አልኳት፣ እንዲያው ለማረጋገጥ፤ ምንም እንጨት አንድ ጊዜ ለክቼ ቆርጬ አላውቅም። አሁን ደግሞ ከጣት የቀጠነ ነው አለ። ልክ እንደ መጀመሪያው፣ ሳያፍር፣ በዚያው በጨዋ ቋንቋ። ነርሷ ሦስተኛ ልትጠይቀው ስትል ተይው አልኳት። ሜትሬ ተበላሽቶ ቢሆን አንድ ነገር ነው። ሜትሬን ግን አውቀዋለሁ። የሌለው የሚለካው ነው።

ወረቀቱ ላይ ፊደሌ ተለወጠ፣ ታመዋል ወይ ላልሽው፣ ብዕሩ ነው። ሌላ ነገር የለም።

አንድ ነገር ብቻ ጠይቄሽ አልጨቀጭቅሽም። መላሹን ተይው፣ አንቺ ራስሽ ፈልጊ። ልጄ እናንተ ቤት ውስጥ የተወው ነገር አለ? ምንም ቢሆን። ከሌለ የለም በይኝ። አንቺ «የለም» ካልሽ አምናለሁ።

አናጢው


የካቲት 16 ቀን

ልጄ፤

እውነቱን ስለጻፍሽልኝ እግዜር ይስጥሽ። ስለ ልጄ በአራት መስመር ነው የጻፍሽው፤ ስንት ጊዜ ጽፈሽ ስንት ጊዜ እንደቀደድሽው ግን ከብዕርሽ ጫና አውቄዋለሁ። ሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ላይ አቋርጧል። እናቱ አልጋ ላይ በነበረችበት ዓመት ማለት ነው። ያኔ እኔ «ጎበዝ፣ በርታ» እያልኩ እጽፍለት ነበር።

የባለቤቴ ወንድም ያወቀው እውነት ነበር። ለሱ ነግሮታል። ለኔ አልነገረኝም። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ አንቺም አልጠየቅሽኝ። እኔን ግን መጋዜ ባነሳሁት ቁጥር ይጠይቀኛል።

በስሙ ወጥቶ ያልተመለሰ አንድ መጽሐፍ አለ ብለሻል። ስለ እንጨት መገጣጠሚያ። ቤት ውስጥ ካለ እንድፈልግ፣ ተጎድቶ እንደሆነም እንድነግርሽ ጠይቀሻል።

ልጄ ካረፈ በኋላ የላኩልኝን ሻንጣውን ከመጣበት ቀን ጀምሮ አልከፈትኩትም ነበር። ከአልጋዬ ሥር ነው የከረመው። ከፈትኩት። ሸሚዞች፣ የጥርስ ብሩሽ፣ እኔ የሠራሁለት የእንጨት ማበጠሪያ ጥርሱ የረገፈ። ከሥር መጽሐፉ። የቤታችሁ ማኅተም አለበት።

ጉዳቱን ልንገርሽ። ጀርባው ተሰብሯል፤ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እንዲቆይ ሰው በክርኑ የተጫነው መጽሐፍ እንደሚሰበረው ነው። አንዱ ገጽ ላይ አውራ ጣት ታትሟል፤ ቀለም መሰለኝ፣ አሸተትኩት፣ ኮላ ነው። ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ከዚያ መጽሐፉን አንስቼ መዳፌ ላይ መታ መታ ሳደርገው ሰጋቱራ ወረደ። ከየገጹ መካከል። ትንሽ አይደለም። የአንድ ቀን ሰጋቱራ እንዲህ ስፌቱ ውስጥ አይገባም፤ ወራት ይፈልጋል።

የኔ አይደለም። ይህ መጽሐፍ ሥራ ቤቴ ገብቶ አያውቅም። እኔ እንዲህ ያለ ነጭ እንጨት ከገዛሁ ዘመን የለውም።

ሥራ ይዣለሁ ሲለኝ የት ነው ብዬ ነበር። «ቢሮ ነው፣ አባዬ» አለኝ። መጥቶ ሲጨብጠኝ እጁ ሻካራ ነበር። «ኳስ ላይ ወድቄ ነው» አለኝና አመንኩት። አናጢ ሆኜ የአናጢን እጅ ጨብጬ አላወቅኩትም።

አንቺም ከመጨረሻው መስመር በታች አንድ ነገር ደብቀሽ ጽፈሻል። መስኮትሽ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ ጥያቄውን ሁሉ መላሹ ይረከባል፤ አንቺ ምድር ቤት ወደ መጋዘኑ ትወርጃለሽ። «ለአድራሻ ለውጥ ብቻ ነው የነገርኩዎት» ብለሻል። አለቆችሽ ቆጥረውት ይሆናል፤ እሱ ለጠየቀው ሁሉ መልስ አለው፣ አንቺ ግማሹን የለም ትያለሽ። አልፈርድባቸውም። እኔም ከሁለታችሁ የመረጥኩት እሱን ነበር። ቁልፍ የያዝሽው አንቺ ነሽ ብዬ የሰደብኩሽም እኔ ነኝ። እሱን እንዲያ ብሰድበው ኖሮ ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር፤ አንቺ ዝም ብለሽ መፈለግሽን ቀጠልሽ።

መጋዘኑ ይበርዳል? መቀመጫ አለው?

አናጢው


መጋቢት 9 ቀን

ልጄ፤

መቀመጫ የለውም፣ በካርቶን ላይ ነው የምቀመጠው ያልሽው አልገረመኝም። ቁመትሽን ላኪልኝ።

መጽሐፉን አይላኩት፣ የሚጠይቅዎት የለም ብለሻል። ከተመለሰ የልጄ ስም ከመዝገባችሁ ይሰረዛል፤ ካልተመለሰ ግን እንዳለ ይኖራል ብለሽ በእርሳስ ከዳር ጽፈሻል። ለኔ ብለሽ ነው፤ ገብቶኛል። ቀን እሺ ልልሽ እወስንና ማታ ሐሳቤን እለውጣለሁ። ስሙ በዚያ ትልቅ ቤት አንድ ቦታ እንዳለ ለሰው ሁሉ ተናግሬ የለ? ይኸው ይኖራል። ባለዕዳ ሆኖ።

አይሆንም። ልጄ በዕዳ አይጠራም። ስሙን መያዝ የኔ ሥራ ነው።

ራስዎ ላምጣው ብለው ብቻዎን እንዳይጓዙ፣ ፊደልዎ ተንጋዷል፣ ዐይንዎስ ላልሽው፣ ነርሷ በባትሪ አየችውና ቶሎ ሐኪም ይየው ብላለች። ቶሎ ያለችበትን ድምፅ አልወደድኩትም። መሮው አውራ ጣቴን የበላውም ለዚሁ ነው፤ ያኔ ብዕሩ ነው ያልኩሽ። ስለዚህ መንገዱ እየታየኝ ያለብኝን ልጨርስ። ሰው አይክፈልልኝ፣ አንቺም ብትሆኚ።

ለእንጨት ሻጩ ልጄ መጽሐፍ አልጻፈም እለዋለሁ። ኮላውን ተጠቅሜበታለሁ፤ በምትኩ የሱቁን በር አስተካክልለታለሁ፣ ሲዘጋ መሬት ይፈጫል። ሻይ ቤት ለዚያ ባለጌ ወንበሩን እመልስለታለሁ። መጀመሪያ ይስቃል። ይሳቅ።

ነርሷን ወር ሙሉ ሳላናግራት በየማታው ጣቴን አጥባ ስታስርልኝ ነበር። ለሷ ምን እንደምላት ገና አላገኘሁም። የክፍሏን መስኮት ግን ነቅዬ አዲስ አገባላታለሁ፤ ነፋስ ያስገባል እያለች ሁለት ዓመት ነግራኛለች።

የባለቤቴ ወንድም ቀላል አይደለም። ሰው በተሰበሰበበት ውሸታም ብየዋለሁና ብቻውን አግኝቼ ይቅርታ ማለት አይበቃም። ሰው በተሰበሰበበት ነው የምናገረው። ደግሞ ልጄ ስለኔ ምን ብሎ እንደነገረው እጠይቀዋለሁ። ያንን መስማት እፈራለሁ፤ ግን እጠይቀዋለሁ።

ላንቺ መቀመጫ አመጣለሁ። እግሩን አጠር አደርገዋለሁ፤ ምድር ቤት ጣራው ዝቅ ያለ ነው ብለሻል።

ለመላሹ የለብኝም።

መጽሐፉን በእጄ ይዤ እመጣለሁ። ሣጥኑ ለዚያኛው ሰፍቶ ነበር፤ አፍርሼ በዚህኛው ልክ ገጠምኩት። ይሄኛው ስንቴም ብለካው አንድ ነው። ኮላውን አልፋቅኩም፣ ሰጋቱራውንም መልሼ ገጹ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ መጽሐፉ ላይ የተገኘ የመጽሐፉ ነው። ስሙን ስትሰርዢ አጠገብሽ ቆሜ አያለሁ። ወንበር ስጡት እንዳትይ።

ከዚያ ልጄ የሠራበትን የእንጨት ሥራ ቤት እፈልጋለሁ። ከተማው ትልቅ ነው ብለሻል። ሁሉም ነጭ እንጨት አይሠሩም፤ አንድ በአንድ እጠይቃለሁ። የሠራው ወንበር ያልተሸጠ ካለ እቀመጥበታለሁ። ቢነቃነቅ አጠብቀዋለሁ። ካልተነቃነቀ አንድ «እጅህ ይባረክ» አለብኝ።

የአናጢው አባት